ለራቢያ የላክነው ሰበብ

ራቢያ ወደ ጎንደር መዛወሯን የነገረኝ በእሷ ምትክ የመጣው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ዳባት ባለው ትምህርት ቤታችን፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከጎኔ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገና «ባለቤት አለው እንዴ?» አለኝ። ነበረው አልኩት። «የጂኦግራፊዋ መምህርት ከሆነች ተዛውራለች። ደብዳቤዋን ሰኞ ዕለት ወስዳለች አሉኝ» ብሎ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ እሁድ ዕለት ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ነበርኩ። አንድም ቃል አልነገረችኝም።

ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እኛ ቤት ያደገ ሰው በራቢያ ላይ ቅር የማለት መብት የለውም።

ራቢያን ያወቅኳት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ባዮሎጂ እንዳስተምር ዳባት በተመደብኩበት ዓመት ነው። ሁለታችንም የደባርቅ ልጆች ነን፤ ሁለታችንም የነጋዴ ልጆች። የእሷ አባት በሕይወት ሳሉ ከአባቴ ሱቅ ማዶ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ቢሆንም በሦስት ዓመት ስለምትበልጠኝና እኔም ሰው ቀና ብዬ ስለማላይ፣ በልጅነታችን አልተነጋገርንም። የተቀራረብነው በየማለዳው ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ነው። እኔ በመስኮት በኩል ጉሙን እያየሁ ዝም እላለሁ፤ እሷ ሻርፗን አገጯ ድረስ ጠቅልላ «ነፊሳ፣ ዛሬ ስንት ቃል ይዘሽ መጣሽ?» ትለኛለች። ፈገግ ስል «ቆጥበሽ ተናገሪ፤ ለከሰዓትም ያስፈልግሻል» ትላለች። ዝምታዬን ሰው ሁሉ እንደ ጉድለት ሲያየው፣ እሷ ግን እንደ አንድ የሚያስቅ ንብረቴ ነበር የምታየው።

ክፍል ውስጥ ጮኻ አታውቅም። ተማሪዎቹ ሲንጫጩ ድምጿን ዝቅ፣ ዝቅ ታደርጋለች፤ በመጨረሻ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ምን እያለች እንደሆነ ለመስማት። የኢትዮጵያን ካርታ ጠመኔዋን ከሰሌዳው ሳታነሳ ትስለዋለች፤ ሁልጊዜም የምትጀምረው ከእኛው ተራራ ነው። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ ከአዲስ አበባ ነው የሚጀምረው» ሲላት፣ «መጽሐፉን የጻፈው ሰው ቤቱ እዚያ ይሆናል። አንተ ከቤትህ ጀምር፤ ስትጠፋ መመለሻው ይቀልሃል» አለችው።

ታላቅ ወንድሜ ሙባረክ ወደዳት። እንደሚወዳት ያወቅኩት እኔ በመጨረሻ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ነገር ሁሉ ለእኔ በመጨረሻ ነው የሚደርሰኝ። ሽማግሌ ተላከ፤ እናቷ እማማ ዘይነባ እሺ አሉ፤ ቃል ታሰረ። የጋብቻው ኒካህ ከዒድ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ራቢያ በሚኒባሱ ውስጥ «ዋርሳዬ» እያለች ትጠራኝ ጀመር። እኔም ቆጥቤ ከያዝኳቸው ቃላት ላይ ጨምሬ መናገር ጀመርኩ።

የወደቀችው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከረፍት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ። እጇ ላይ የነበረው ሻይ መጀመሪያ ፈሰሰ። ከዚያ አንገቷ ወደ አንድ ወገን ዞረ፤ ከወንበሩ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ወደቀችና ትንቀጠቀጥ ጀመር። ዲግሪና ማስተርስ የያዘ ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ተንበርክኬ ነበር። አንዱ «አትንኪያት፤ ይጋባል» አለኝ። ሌላው ሮጦ ጥበቃውን ጠራ። ጥበቃው አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ክብሪት ጫረና ጢሱን እንድታሸት አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። «ተው» ያልኩት ድምፅ ለራሴም አልተሰማኝም። ነበልባሉ የላይኛው ከንፈሯን ለበለባት።

ስትነቃ መጀመሪያ ያደረገችው ሻርፗን ማስተካከል ነው። ቀጥሎ ከንፈሯን ዳሰሰች። ከቀናት በኋላ ቁስሉ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሲቀር ለባልደረቦቻችን እንዲህ አለቻቸው፦ «በሽታው ምንም ምልክት አልተወብኝም። ሕክምናችሁ ነው የተወብኝ።» ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከሳቁ በኋላ ማንም ወደ ፊቷ ማየት አልቻለም።

በማግስቱ ክፍል ገባችና ጋቢዋን ከሰሌዳው ፊት ወለሉ ላይ አነጠፈች። እኔ ከጎን ባለው ክፍል እያስተማርኩ ጸጥታው አስደንግጦኝ ወጣሁ። በበሩ በኩል ሳይ ራቢያ ጋቢው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች።

«አሁን ወድቄያለሁ» አለች ጣሪያውን እያየች። «ማን ይመጣል?»

ማንም አልመጣም።

«ክብሪት የያዘ እንዳይመጣ። ማን ይመጣል?»

ከፊት የተቀመጠ ረጅም ልጅ «ቲቸር፣ እኔ ወንድ ነኝ» አለ።

«ወንድ ከሆንክ እጅ የለህም?»

ክፍሉ ሳቀ። ልጁ እያፈረ ተነሳ፤ አንዲት ልጅም ተከተለችው። እሷ ተኝታ እያለች አዘዘቻቸው፤ ድንጋይና ወንበር ከአጠገቧ እንዲያርቁ፣ በጎኗ እንዲያዞሯት፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ፣ እስክትነቃ አጠገቧ እንዲቆዩ። አዞሯት። «በዝግታ፤ ጆንያ አይደለሁም» አለች። ከዚያ ተነስታ ጋቢዋን አራገፈችና የናይልን ተፋሰስ ማስተማር ቀጠለች።

ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠሯት። «መምህርት ራቢያ፣ ይሄ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የለም» አሏት። «መውደቄም የለበትም፤ ግን ወደቅኩ» አለቻቸው። ይህን የነገረችኝ እንደ ቀልድ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ። ያን ዕለት ሹፌሩ ደግሞ የፊተኛውን ወንበር ከልክሏት «ከኋላ ግቢ እህቴ፤ ለጥንቃቄ ነው» ብሏት ነበር። «ብወድቅ የምወድቀው እኔ ነኝ እንጂ መኪናው አይደለም» አለችው። ቢሆንም ወደ ኋላ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

እኔ ቤት ከመድረሴ በፊት ወሬው ከዳባት ደባርቅ ደርሶ ነበር። እናቴ ወደ ጓዳ ጎትታ «እውነት ነው?» አለችኝ። አባቴ ከሰላት በኋላ ሙባረክን ይዘው በር ዘጉ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሙባረክ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ግን እምቢ አላለም።

በእኛ አገር ጋብቻ ሲፈርስ እውነተኛው ምክንያት አይነገርም። ነውር ነው። የሰው ቤት ስም አይነሳም፤ ሕመም አይጠራም፤ ዘር አይቆጠርም። ሁለቱም ወገን ፊቱን ይዞ እንዲለያይ ሰበብ ይላካል። አባቴም ሽማግሌዎቹን መልሰው ላኩ፦ «ልጁ ጎንደር ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ ስለማይታወቅ ልጅቷን ባናስጠብቃት ይሻላል» ብለው። እማማ ዘይነባ «አላህ ያቅናው» አሉ አሉ። ሰበቡ እውነት እንዲመስል ሙባረክ በእርግጥ ጎንደር አጎቴ ጋ ተላከ። ያልነበረ ሥራ ተፈለገለት። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ አንድ ትልቅ ሰው ለአንድ ውሸት ሲባል ከቤቱ ተሰደደ፤ ጨዋ ሰዎች ስለሆንን።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ የት እንደምቀመጥ ጠፋኝ። ራቢያ ከጎኗ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችና «ነይ፤ ጎንደር የሄደው ወንድምሽ ነው፤ አንቺ አልሄድሽም» አለችኝ። እስከ ዳባት ድረስ ስለ ገብስ ወሬ ስታወራልኝ ሄደች።

ጎንደር ተመርምራ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ያየችውን ነገር ለእኔ ያስረዳችኝ በባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ነው። «አንቺ ባዮሎጂ ነሽ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ» ብላ ጀመረች። ከልብ የሚመጣው ደም በጉልበት ይሮጣል፤ ወደ አንጎል ሲገባ በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ እያለፈ ይበርዳል፤ ከዚያ ነው ወደ መመለሻው ሥር የሚገባው። እሷ ጋ ግን በግራ በኩል፣ ከጆሮዋ በላይ፣ ቀጫጭኖቹ የሉም። ወፋፍራሞቹ ሥሮች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ቋጠሮ ሠርተዋል። «ሊማሊሞን አስቢው። ዝናቡ እርከን ላይ ሲያርፍ እየሰረገ ይወርዳል። እርከን ከሌለ ግን ጎርፉ እንዳለ ገደሉን ይዞ ይወርድና አንድ ቀን መንገዱን ይበላዋል።» ጠመኔውን አስቀመጠች። «ከልጅነቴ ጀምሮ በግራ ጆሮዬ የወንዝ ድምፅ ይሰማኛል። ሰው ሁሉ የሚሰማው ነበር የመሰለኝ።»

ወደ አዲስ አበባ ተላከች። አብሬያት እንድሄድ የጠየቀችኝ እሷ ናት። «እናቴ ታለቅሳለች። አጎቴ ከሐኪም ጋር ይከራከራል። አንቺ ዝም ትያለሽ። የሚያስፈልገኝ ዝም የሚል ሰው ነው» አለች። አባቴን ሳስፈቅድ ቀና ብለው አላዩኝም። «ሂጂ» ብቻ አሉኝ።

ሐኪሙ ለስለስ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። ቋጠሮው አንድ ቀን ሊፈነዳ እንደሚችል፣ መቼ እንደሆነ ግን ማንም እንደማያውቅ ነገራት። ጭንቅላቷን ከፍተው ያወጡታል። «መጀመሪያ ደም የሚያስገቡትን ሥሮች አንድ በአንድ እንዘጋለን፤ የሚያስወጣውን በመጨረሻ። ቀድመን መውጫውን ከዘጋን ይፈነዳል» አላት። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ያለበት ቦታ ከንግግር ጋር የተያያዘ ነው። ቃላት ሊጠፉብሽ ይችላሉ። ለጊዜውም ሊሆን ይችላል፤ ለዘለቄታውም።»

«አስተማሪ ነኝ» አለችው።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቀድሜ የምነግርሽ።»

«ታናሽ እህት አለችኝ። እሷስ? በዘር የሚሄድ ነው?»

«አይደለም። በቤተሰብ የሚሄድባቸው እምብዛም የማያጋጥሙ ሁኔታዎች አሉ፤ ያንቺ ግን ከእነሱ አይደለም። አብሮሽ የተፈጠረ ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም።»

ራቢያ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማሽ?» አለችኝ። ሰማሁ አልኩ። ያን ጊዜ ለምን ወደ እኔ እንደዞረች አልገባኝም ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ከሰዓት ፀጉሯን ሊላጫት የመጣው ወንድ ነርስ ነበር። ራቢያ ሻርፗን ይዛ «እሷ ትላጨኝ» አለች። ነርሱ ማሽኑን ሰጠኝና መጋረጃውን ዘግቶልን ወጣ። ፀጉሯን እንደዚያ ተፈትቶ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ወገቧ ይደርስ ነበር። ከግንባሯ በላይ ጀመርኩ።

«ሰርጌ ቀን ሹሩባ የምትሠሪኝ አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አስቤ ነበር» አለች ወደ መሬት እያየች። ማሽኑን አቆምኩት። «ቀጥዪ እንጂ። ለመቀለድ ነው» አለች። ቀጠልኩ። ፀጉሯ ጉልበቷ ላይ ሲወድቅ አንዱን ዘለላ አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ከኋላዋ ስለነበርኩ ፊቴን አላየችም። አላህ ያን ያህል አዘነልኝ።

ተተኪ ደም አስፈልጎ ስለነበር እኔም ሰጥቼ ነበር። ራቢያ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስትገባ ክንዴ ላይ ጥጥ ተለጥፎ ነበር። እማማ ዘይነባ ኮሪደሩ ውስጥ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ቀኑ መሸ። ሐኪሙ ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ መጣና «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። አሁን የምንጠብቀው መናገሯን ነው» አለን።

ስትነቃ እናቷን አየቻቸው፤ እኔንም አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እማማ ዘይነባ «ልጄ፣ እኔ ማን ነኝ?» አሏት። እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ። ማን እንደሆኑ ታውቃለች፤ ስሙ ነው የጠፋባት። ከቀናት በኋላ ቃላቱ እየተመለሱ መጡ፤ መጀመሪያ ግሶቹ፣ ቀስ ብለው ደግሞ የዕቃ ስሞች። የሰው ስም ግን ዛሬም ይሸሻታል። ደባርቅ ተመልሰን ማስተማር ስትጀምር ተማሪዎቿን «አንተ የመስኮቱ»፣ «አንቺ ሳቂታዋ» እያለች ነበር የምትጠራቸው። ቃል ሲጠፋባት ከሻርፗ ሥር ያለውን ጠባሳ በጣቷ ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፤ በር እንደምታንኳኳ። ልጆቹ እስኪከፈትላት ዝም ብለው ይጠብቋታል። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በእኔ ክፍል ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ዳግመኛ አልወደቀችም።

አንድ የገበያ ቀን አባቴ ሱቅ ቆሜ ሳለሁ ራቢያ መጣች። አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ለሴት ልጅ ሲነሱ አይቻቸው አላውቅም። «እንኳን አላህ ማረሽ» አሏት።

«ሐጂ፣ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት» አለች። «ራስ ምታቱ ከጀመረኝ ቆይቶ ነበር። ሰርጉ እስኪያልፍ ብለን ደብቀነው ነበር። እርስዎ ባይተዉኝ ኖሮ ፀጉሬን አላስላጭም ነበር። ምናልባት ከሙሽርነቴ ሳልወጣ ፈንድቶ እሞት ነበር።»

እየተሳለቀች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየሁ። አልነበረችም። አባቴ ጨርቅ መለኪያውን ሜትር ያነሱት ያስቀምጡት ጀመር።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «እህቴን ሰሚራን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ የዳባት ሰዎች ናቸው። እርስዎ ጋ መጥተው ይጠይቃሉ። ይህ ቤት ለምን ቀረባችሁ ይላሉ። እባክዎን እውነቱን ይንገሩልኝ። ታማ ስለነበር ነው ይበሉ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዳነች፤ በዘር የሚሄድ አይደለም ይበሉ።»

«ልጄ፣ እኔ በቤታችሁ ላይ ክፉ ነገር አልናገርም። ተናግሬም አላውቅ።»

«እሱ ነው የቸገረኝ ሐጂ። ክፉውን ማንም አይናገረውም። ላልተናገረ ሰው ደግሞ ምን ብዬ ልመልስለት?» ጠባሳዋን መታ መታ አደረገች። የምትፈልገው ቃል አልመጣላትም። «ብቻ ይንገሩልኝ» ብላ ሄደች።

ሰዎቹ መጡ፤ ጋሽ ከድር የሚባሉ የዳባት ነጋዴና አንድ ዘመዳቸው። ማንም ጋብቻ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ያንን ቤት የጀመረውንና የተወውን ሄዶ ይጠይቃል፤ ልማዱ ነው። እኔ ሻይ ይዤ ገባሁ።

«ሐጂ፣ በእርስዎም በኩል ተጀምሮ ነበር ይባላል» አሉ ጋሽ ከድር።

«ተጀምሮ ነበር።»

«እንዴት ቀረ?»

አባቴ ብርጭቆውን አዞሩት። «አላህ አላለውም። ልጁ ለሥራ ጎንደር ሄደ። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው።»

ሁለቱ እንግዶች ተያዩ። «ገባን» አሉ ጋሽ ከድር፤ በትሕትና። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። አንድም ክፉ ቃል ሳይነገር የሰሚራ ነገር አለቀ።

«ታማ ስለነበር ነው» አልኩ።

ሦስቱም ዞሩ። ትሪውን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። «ራቢያ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ተቋጥሮባት ነበር። አወጡላት። በዘር የሚሄድ አይደለም፤ ሐኪሙ ሲናገር ሰምቻለሁ። ሰሚራ ምንም የለባትም። እኛ የተውነው በዚያ ምክንያት ነው፤ በሥራ አይደለም።»

«ነፊሳ» አሉ አባቴ።

«ጭንቅላቷን ተከፍታ?» አሉ ጋሽ ከድር።

«አዎ፣ አባባ።»

«አብረሻት ነበርሽ?»

«ፀጉሯን የላጨኋት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ከድር የሰበሰቡትን ነጠላ ለቀቁ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው «ሐጂ፣ እንዲህ ነው?» አሏቸው። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጢማቸውን በመዳፋቸው ወደ ታች ጠረጉ።

«እንዲህ ነው» አሉ። «ሰበብ ነው የላክነው።»

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ «በቤቴ ውስጥ በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሉኝ። አዎ አልኩ።  ሳምንት አላናገሩኝም። ዝም ባልኩባቸው ወራት አፍሬ ነበር፤ ስለተናገርኩም አፈርኩ። የቱ እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

ሰሚራ ግን ተዳረች። ሰርጉ ከራቢያ ጋር ቀኑን ሙሉ የዋልኩበት ያ እሁድ ነበር። ከሙሽራው ወገን የመጡ ሴቶች ራቢያን ሲያዩ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንዷ መጥታ በጣም በሚያምር አነጋገር፣ «እህታችን ጭንቅላቷ ቀዶ ሕክምና ያየ ነው፤ ደጁ ላይ ብርድ እንዳይመታት ጓዳ ብትሆን» አለች። እማማ ዘይነባ የሰሚራን ቀን ላለማበላሸት እሺ አሉ። ራቢያ ጓዳ ገባች። እኔም ተከትያት ገባሁ። ከደጅ ዘፈንና ጭብጨባ ይሰማናል። ራቢያ በትሪ ከተቀመጠው ጥብስ እየጎረሰች «አየሽ ነፊሳ፣ ያኔ ሰበቤ ሥራ ነበር፤ አሁን ብርድ ሆነ» አለችኝና ሳቀች። ያን ቀን ስለ ነገሩ የተናገረችው ይኸው ብቻ ነበር። ሙሽሮቹ ሲሄዱ በመስኮት እጇን አወዛወዘች። ሰኞ ደብዳቤዋን ወሰደች።

አባቴ ከሰርጉ ወዲህ ማታ ማታ ከሱቅ ሲገቡ «ደወለች ወይ?» ይሉኛል። ስሟን አይጠሩም። አልደወለችም እላቸዋለሁ። ትናንት ግን «አንቺ ደውይላት እንጂ» አሉኝ። ደወልኩ። ጎንደር ክፍል ማግኘቷን፣ ልጆቹ ጎበዞች መሆናቸውን ነገረችኝ። አባቴ አጠገቤ መሆናቸውን ስነግራት «ስጫቸው» አለች።

አባቴ መዳፋቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠርገው ስልኩን ተቀበሉ። ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ለእኔም ይሰማኛል።

«ራቢያ» አሉ።

«አቤት ሐጂ።»

«ደህና ነሽ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

 ሌላ እጃቸውን ወደ ጢማቸው አነሱ፤ መልሰው አወረዱ። «ያን ጊዜ... ያኔ እኛ...» አሉና ቆሙ። ከስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማል። ትጠብቃለች። እኔ በልቤ ትንሽ ጠብቂያቸው፣ ትንሽ ብቻ እላለሁ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ደባርቅ ብርዱ እንዴት ነው ሐጂ?» አለች ራቢያ።

የአባቴ ትከሻ ወረደ። «ከባድ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው እየቀለለ። «ዘንድሮ ከባድ ነው፣ ልጄ። ጉሙ እስከ ረፋድ አይለቅም።» ስለ ብርዱ ብዙ አወሩ። ስለ ገብሱም፣ ስለ መንገዱም። ከዚያ ስልኩን መልሰውልኝ «ጥሩ ልጅ ናት» ብለው ለሰላት ታጥበው ዉዱ ሊያደርጉ ወጡ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። 

«እውነቱን ሊነግሩኝ ነበር፣ አይደል?» አለች።

«ነበር።»

«አሳዘኑኝ» አለች ራቢያ። «እኔው ራሴ በብርዱ ሰበብ ሸፈንኩላቸው።»